እባካችሁ አሜን አትበሉ

የእህቴ ሰርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አያቴ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፈው ከክፍላቸው ወጡና ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጡት። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ከዚያ ዝም ብለው ያዩኝ ጀመር። አያቴ የሚያዙት በዓይን ነው። ጉሮሯቸውን ታመው አዲስ አበባ ከታከሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከሕመሙ ዳኑ፤ ድምፃቸው ግን አብሯቸው አልተመለሰም። የቀራቸው ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ እሱንም ለመስማት ጆሮን አፋቸው ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል።

ቆርቆሮውን ስከፍተው በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት ካሴቶች አገኘሁ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ድምፄ እዚህ ውስጥ ነው» አሉኝ። «አውጪልኝ።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ እህቴን በካሴቱ ድምፅ ሊመርቁ ነው። በእኛ ዘመዶች ዘንድ ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ቆሞ የሚመርቃት የቤተሰቡ ታላቅ ነው። አያቴ የበኩር ልጅ ስለሆኑ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ አገራችን ቸሃ ውስጥ እሳቸው ያልመረቋት የዘመድ ሙሽራ የለችም። መመረቅ ያልቻለ ታላቅ ግን ለተከታዩ ያስረክባል። ተከታዩ ደግሞ ቡታጅራ የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። እሳቸው ድምፅ አላነሳቸውም፤ ሲደውሉ እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ ክንድ ያህል አርቃ ነው የምታናግራቸው። በዚያው ሳምንት ደውለው፣ «ወንድሜ እንዳያስብ በይው፤ ምርቃቱን እኔ እይዘዋለሁ» ብለው ነበር። ስልኩ እናቴ እጅ ላይ ሆኖ ቤቱ ሁሉ ሰማው። አያቴም ሰሙት። ያን ቀን ራታቸውን በግማሽ ተዉት፤ በማግስቱም ቁርሳቸውን። እናቴ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው ስትል እህቴ፣ «ሐኪም ምን ያደርጋል? ምርቃቱ ቡታጅራ እንዳይሄድባቸው ነው» አለቻት።

ኮምፒውተሩ የወንድሜ ነው። ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ከአንድ ተመራቂ ላይ ገዝቶት፣ ሐዋሳ ሥራ ሲያገኝ ይከብደኛል ብሎ ለእኛ ተወልን። ከእኔ በቀር የሚነካው የለም። እኔም ብሆን ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን ኮምፒውተር ዓይን ዓይኔን ስለማያየኝ አልፈራውም። የምፈራው ሰው ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ገብቼ የታጠበ ሰሃን መልሼ የማጥብ ነኝ። ስለዚህ ለሰርጉ አንድ ነገር አድርጊ ከተባልኩ፣ ከሰው ተሰውሮ ከማሽን ጋር ከመቀመጥ የተሻለ ሥራ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ።

ወንድሜ ድምፅ የሚቀዳውን ፕሮግራም በስልክ አስረዳኝ። ቀሪውን በራሴ ጭንቅላት ሠራሁት። የእናቴን አሮጌ ቴፕ አወጣሁ፤ ክዳኑ ስለማይገጥም በላስቲክ አሰርኩት። ማይክ ያለውን የጆሮ ማዳመጫ በቴፑ ድምፅ ማጉያ ፊት፣ በስኳር ብርጭቆ ላይ አንጠለጠልኩት። መጀመሪያ የመረጥኩት እናቴ ስትዳር የተቀዳውን ካሴት ነበር። ተጫንኩት።

አንድ ትልቅ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንደነበራቸው ረስቼው ነበር። ልጅ ሳለን ከበር ላይ ቆመው ሲጠሩን ከሦስተኛው ግቢ እንሰማቸው ነበር። አያቴ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ፤ የጋቢያቸውን ጫፍ አስተካከሉ፤ ሰው ፎቶ ሲነሳ እንደሚያደርገው። በካሴቱ ውስጥ በጉራግኛ ይመርቃሉ፤ እዚህ በአማርኛ የምጽፈው እኔ ነኝ።

«እግርሽ በገባበት ቤት እሳት አይጥፋ!»

በካሴቱ ያሉት ሰዎች «አሜን!» አሉ። ከወጥ ቤት ደግሞ እናቴ፣ ማማሰያ እንደያዘች፣ «አሜን!» አለች። አቆምኩት።

«እማዬ!»

«አቤት?»

«አሜን አልሽ እኮ።»

«ታዲያ ምን ልበል? እየተመረቅሁ ዝም ልበል?»

«ማይኩ ቀዳው።»

«ይቅዳው! አሜን ነው እንጂ ስድብ ነው የተናገርኩት?»

ካሴቱን መልሼ እንደገና ጀመርኩ። እናቴ ዝም አለች። «ከደጅሽ እንግዳ አይጥፋ» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ከግቢው «አሜን! አሜን!» የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ። ከእኛ ግቢ ኋላ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የጎጃም ሰው መምህር አሉ፤ ሸሚዝ እያሰጡ ነበር። በመስኮት አየኋቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እርጥብ ሸሚዝ በሁለት እጃቸው እንደ ዘረጉ ቆመዋል።

እናቴ ሳቀች። «መምህር፣ ጉራግኛ መቼ ተማሩ?»

«አልተማርኩም።»

«ታዲያ ምን እንደተባለ ሳያውቁ ነው አሜን የሚሉት?»

«ሽማግሌ በዚህ ድምፅ ክፉ አይናገርም» አሉ፤ ሸሚዙን ሰቀሉት።

ሦስተኛው ሙከራ ወንፊት ልትዋስ የመጣች ጎረቤት ላይ ወደቀ። ምርቃቱን ከበሩ ስትሰማ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ እስኪያልቅ ድረስ እያንዳንዱን ተቀበለች፤ ወንፊቱንም ረስታ ሄደች። አራተኛው ከሁሉ የባሰ ነበር። ቤቱ ጭጭ ብሏል፣ ባጃጅ እንኳ አላለፈም፤ ኋላ መልሼ ስሰማው ከያንዳንዱ መስመር ቀጥሎ አንድ የሚተነፍስ ነገር አለ። ድመት መስሎኝ ነበር። አያቴ ናቸው።

«አባባ! ለራስዎ ምርቃት አሜን ይባላል?»

ጆሮዬን ጎትተው፣ «የእኔ መሰለሽ? ምርቃቱ የእግዜር ነው፤ እኔ በረኛ ነኝ» አሉኝ።

አሜን ያልተባለበት ምርቃት መሬት ይወድቃል ብሎ የሚያምን ቤት ውስጥ ተቀምጬ ምርቃት በጸጥታ ልቀዳ መነሳቴ ነበር ጥፋቱ። ግን ሥራው መሠራት አለበት። ካርቶን ቀድጄ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ምርቃት እየተቀዳ ነው። እባካችሁ አሜን አትበሉ» ብዬ ጻፍኩና በሩ ላይ ለጠፍኩት። መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ልጄ፣ ብዙ አገር አስተምሬያለሁ። ሽንት መሽናት ክልክል ነው የሚል አይቻለሁ። አሜን ማለት ክልክል ነው የሚል ግን ወልቂጤ ላይ ነው ያየሁት። የእኛ አገር ቄስ ቢያይ ቤቱን ጠበል ይረጨው ነበር።»

ያም ሆኖ ታዘዙልኝ። ቀን በቀን ቴፑ ሲከፈት እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ትይዛለች፤ እህቴ ትራስ ትነክሳለች፤ መምህሩ ልብሳቸውን ሌላ ሰዓት ያሰጣሉ። እኔም፣ በሕይወቴ ማንንም አዝዤ የማላውቀው፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ በቤቱ ላይ ነገሥኩ። ስድስተኛው ቀን ላይ መምህሩ ሥራዬን ለማየት ገቡ። ብርጭቆውን አዩ፣ የተንጠለጠለውን ማይክ አዩ፣ ላስቲኩን አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው፣

«ገመድ እኮ አለ» አሉ።

«የምን ገመድ?»

«ከቴፑ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሰካ። ሁለት ራስ ያለው። ገበያው ውስጥ ስልክ የሚጠግኑት ጋ ሞልቷል። በገመድ ከሆነ ቤት ውስጥ ከበሮ ቢመታም አይቀዳም።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ከአፏ አወረደች። «ስድስት ቀን» አለች። «ስድስት ቀን ያለ አሜን አኖርሽን።»

ገመዱ በርግጥም ሞልቶ ነበር። ስሰካው ግን አዲስ ጣጣ መጣ፤ ቴፑ ድምፁን በገመድ ለኮምፒውተሩ ሲሰጥ ለክፍሉ አይሰጥም። የካሴቱ መንኮራኩር ይዞራል፣ ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ መስመር ይዘላል፤ አያቴ ምንም አይሰሙም። በኮምፒውተሩና በእኔ ላይ በተራ አፈጠጡ። «ዋጠኝ» አሉ። የጆሮ ማዳመጫውን ጭንቅላታቸው ላይ አደረግሁላቸው። ዓይናቸው ተከደነ። ምሳ ቀርቦ ሲጠሩ አላወለቁትም፤ በግራ እጃቸው ማዳመጫውን ይዘው በቀኛቸው ቆጮውን ጎመን እያስነኩ በሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰሃናቸው ባዶ ሆኖ መመለስ ጀመረ።

ሦስቱንም ካሴቶች ስቀዳ አንድ ነገር ደረስኩበት። አያቴ ሁልጊዜ፣ ምርቃት አይጠናም፣ በዚያች ሰዓት አፌ ላይ የሚቀመጥልኝ ነው ይላሉ። ሦስቱ ሰርጎች በተለያየ ዓመት፣ ለተለያዩ ሙሽሮች የተደረጉ ናቸው፤ ምርቃቱ ግን አንድ ነው፤ ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ እንኳ አይለይም። የሚለየው የላሞቹ ቁጥር ብቻ ነው። በደህና ነጋዴ ልጅ ሰርግ ላይ ላምሽ መቶ ይሁን ይላሉ። በሁለተኛው ሃምሳ። በእናቴ ሰርግ፣ በገዛ ልጃቸው፣ አስር።

ይህን ለእናቴ መንገር አልነበረብኝም። ነገርኳት።

ማማሰያዋን ይዛ መጣች። «አባባ! ለሰው ልጅ መቶ፣ ለእኔ አስር?»

አያቴ ማዳመጫውን ጠበቅ አደረጉ፤ እንዳልሰሙ ሆኑ።

«ይስሙኝ እንጂ! ዘጠና ላሜ የት ገባ?»

በምልክት ጠሩኝ። የነገሩኝን ጮክ ብዬ አስተላለፍኩ፤ «ያኔ ግጦሽ አልነበረም ይላሉ።»

እህቴ መሬት ላይ ተንከባለለች። «ለእኔ የእማዬ ይሁንልኝ» አለች። «ሁለት ክፍል ተከራይቼ መቶ ላም የት ነው የማስራቸው? አስሩንም ለባሌ እንዴት ብዬ እንደምነግረው እንጃ።» ደግሞም የእናቴ ካሴት ከሁሉ ጥርት ያለ ነበር። እሱ ተመረጠ።

ከዚያ አያቴ አንድ ትዕዛዝ ጨመሩ። በካሴቱ ውስጥ ያለው የሰዎች አሜን ሁሉ ይውጣ። እኔ እንዳለ ቢተው ይሻላል ብዬ ነበር፤ ያምር ነበር። የብዙ ሰው ድምፅ፣ መሐል ላይ የሚያለቅስ ሕፃን፣ አንዲት ሴት ደግሞ ከሁሉ ዘግይታ ብቻዋን አሜን የምትል። አያቴ ግን እንቢ አሉ። «ያ አሜን ለእናትሽ የተባለ ነው» አሉኝ። «አንድ አሜን ለሁለት ሙሽራ አይሆንም። የእህትሽን እንግዶቿ ይበሉላት።»

ቆረጥኩት። እያንዳንዱን አሜን በማውሱ እየመረጥኩ አጠፋሁ፤ በቦታው ባዶ ዝምታ አስገባሁ። ዝምታው ስንት ይሁን? ይህን ማንንም አልጠየቅሁም። ራሴ አያቴን አዳምጬ፣ ራሴ ቀስ ብዬ «አሜን» ብዬ፣ የፈጀብኝን ያህል ተውኩ። ለእኔ በቂ ነበር።

ታናሽ አያታችን የሰርጉ ዋዜማ ጠዋት ከቡታጅራ ደረሱ። ከታክሲው ሳይወርዱ ሰላምታቸው ግቢ ገብቷል። ወንድማቸውን ሦስት ጊዜ አቅፈው ሳሙ፤ የካሴቱን ወሬ ሲሰሙ ግን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ወንድሜ፣ ሳጥን ይመርቃል?»

አያቴ ወደ እኔ ጠቆሙ። እኔ ወደ ጓዳ።

«አይ፣ አትሽሺ አንቺ! እስቲ ንገሪኝ፣ ሰው ለሳጥን አሜን ይላል?»

እናቴ ገባችበት። «አጎቴ፣ እዚህ ቤት ለሳጥን አሜን እንዳይባል ስንት ቀን እንደተከለከልን ባወቁ።»

«እሺ። እኔ ወንድሜን አልሽርም» አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ይሞከር። ግን ሕዝቡ ካልተቀበለው የልጅቷ ምርቃት መሬት ላይ ወድቆ አይቀርም። ያን ጊዜ ተነስቼ ማይኩን እይዛለሁ። እሺ በል።»

አያቴ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ቀን ደግሞ ሰሃናቸው በግማሽ ተመለሰ።

በሰርጉ ቀን ምርቃቱን በስልኬ ላይ ጭኜ ነበር። ድምፅ ማጉያውን ያመጣው ልጅ ስልኬን ከሞንታርቦው ጋር በገመድ አገናኘልኝ። እኔ ከሞንታርቦው ኋላ ቆምኩ፤ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፣ ለእኔ የሚሆን ቦታ ነበር። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ከቸሃ የመጡ ሽማግሌዎች፣ የሙሽራው ወገኖች፣ የግቢው ሰዎች። እህቴ ልትወጣ ተነሳች። አያቴ ምርኩዛቸውን ለእናቴ ሰጥተው ቆሙ፤ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ተጫንኩት።

«እግርሽ በገባበት ቤት እሳት አይጥፋ!»

ማንም አሜን አላለም። ሰው ሁሉ ዞር ዞር ብሎ ተናጋሪውን ይፈልጋል። አንዲት አሮጊት የድንኳኑን ምሰሶ ያያሉ። አያቴ ቆመዋል፣ እጃቸው ተዘርግቷል፣ አፋቸው ተዘግቷል። ወደ እናቴ አየሁ። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች።

«ከደጅሽ እንግዳ አይጥፋ!»

ዝም። ታናሽ አያታችን ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የአያቴ እጆች፣ ትንሽ ብቻ፣ ወደ ታች ወረዱ። ያን አላስቻለኝም።

«አሜን» አልኩ።

ማይኩ አጠገቤ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ሆኖ ተቀምጦ ኖሯል። አሜኔ በሞንታርቦው ወጣ። ድንኳኑን ዞረ፤ እስከ ጅማ መንገድ የተሰማ መሰለኝ። ሦስት መቶ ዓይን ይሁን አራት መቶ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እግሬ ሽሺ አለኝ፤ ግን ስልኩ በገመድ ታስሯል፣ እኔም አብሬ የታሰርኩ ሆንኩ።

«አሜን!» አሉ መምህሩ ከኋላ፣ ኮፍያቸውን እያወለቁ። እናቴ ነጠላዋን ጣለች፤ «አሜን!» ታናሽ አያታችን ግማሽ ተነስተው፣ ማይኩን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ፤ ከዚያ ያን ሁሉ ድምፃቸውን ለቀቁት። «አሜን!» ድንኳኑ በሙሉ ተከተላቸው።

ያኔ ነው ሌላው ጥፋቴ የታየው። የተውኩት ዝምታ በእኔ አሜን ልክ የተሰፋ ነው። የድንኳን ሙሉ ሰው አሜን ግን ይጀምራል፣ ያድጋል፣ ይዞራል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እሱ ሳያልቅ አያቴ ቀጥለዋል፤ ላሞቹ ከነቁጥራቸው በጫጫታው ተዋጡና፣ «… ከቶ አይጉደልብሽ!» የሚለው ብቻ ተሰማ።

«ምኑ ነው የማይጎድልባት?» አሉ አሮጊቷ።

«ላሟ ነው፣ አስር ላም!» አለች እናቴ። «አሜን ይበሉ ብቻ!»

አያቴ ዞረው አዩኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ትዕዛዝ ነው። አውራ ጣቴን ስልኩ ላይ አድርጌ ድምፁን አቆምኩት። ግን መቼ እንደምለቀው ከሞንታርቦው ኋላ ሆኜ ማየት አልቻልኩም። ገመዱ የደረሰልኝን ያህል፣ ሁለት እርምጃ፣ ወደ ፊት ወጣሁ። ሰው ሁሉ ፊት። አያቴ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ለቀቅሁት። አንድ መስመር መረቁ። አቆምኩት። አሜኑ መጣ፣ ዞረ፣ ወረደ። እጃቸው ከፍ አለ፤ ለቀቅሁት። ሹክሹክታ እንኳ አላስፈለገንም። እንዲህ እያልን እስከ መጨረሻው ሄድን፤ እሳቸው በእጅ፣ እኔ በጣት። እህቴ ጎንበስ ብላ እያለቀሰች፣ በየመሐሉም ሳቅ እያመለጣት፣ ሁሉንም ተቀበለች።

ሙሽሮቹ ሄደው የድንኳኑ ሰው ሲሳሳ ታናሽ አያታችን መጥተው የወንድማቸውን ትከሻ መቱ። «ደህና ሳለህ እንኳ እንዲህ አልጮህክም» አሏቸው። አያቴ ሳቁ፤ ሳቃቸው ትከሻቸው ላይ ነው የሚታየው። ከዚያ በጣታቸው ጠሩኝ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሰጠኋቸው። እግዜር ይስጥሽ ልጄ እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር።

«አራተኛው ላይ ቸኮልሽ» አሉኝ።

«አባባ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር እኮ!»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔን ነበር የሚያዩት» አሉ።